ሥልጣንን መልቀቅ ዕዳን ይከፍላልን?

ሥልጣኑን በገዛ ፈቃዱ ስላወረደ ሮማዊ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው ከእርሻው ተጠርቶ፣ ጠላትን ድል ነሥቶ ወደ እርሻው የተመለሰው ኪንኪናቱስ ነው። የእርሱ ነገር ብዙ አያከራክርም። ኅሊናን የሚያስጨንቀው የሉክዩስ ኮርኔልዩስ ሱላ ታሪክ ነው።

ሱላ በ138 ዓመት ከልደተ ክርስቶስ በፊት (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናትም ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ጥንታዊ ስም ካለው፣ ሀብቱ ግን ካለቀ የመኳንንት ቤት ተወለደ። በ105 የኑሚድያውን ንጉሥ ዩጉርታን በእጁ በማስገባቱ ዝናው ወጣ። በ88 ቆንስል ሳለ፣ በሚትሪዳጥስ ላይ የሚዘምተው ጦር አዛዥነት ተነጥቆ ለማርዩስ ቢሰጥበት፣ ከእርሱ በፊት ማንም የሮማ አዛዥ ያልደፈረውን ደፈረ፤ ጦሩን በገዛ ከተማው ላይ መራ። ከምሥራቅ ተመልሶም በ82 በሮማ በር ላይ ተቃዋሚዎቹን ደመሰሰ።

ከዚያ በኋላ የሚገደሉ ሰዎች ስም በሰሌዳ ተጽፎ በአደባባይ ተሰቀለ። የገደለ ይሸለማል፤ የሸሸገ ይሞታል፤ የሟቹ ርስት ይወረሳል፤ ልጆቹና የልጅ ልጆቹም ከሹመት ይከለከላሉ። በበቀሉ ላይ ስስት ተጨመረበት። ሴክስቱስ ሮስክዩስ የተባለ የአሜርያ ባለጸጋ በሮማ ተገደለ፤ ስሙ ከሰሌዳው የገባው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነበር። ስድስት ሚልዮን ሴስቴርስ ያወጣ የነበረውን ርስቱን፣ ሱላ ከባርነት ነጻ ያወጣው ክሪሶጎኑስ በሁለት ሺህ ገዛው። ይባስ ብሎ የሟቹ ልጅ አባቱን ገደለ ተብሎ ተከሰሰ። በ80 የተሟገተለትና ይህን ሁሉ በሸንጎ የገለጠው ገና ወጣት የነበረው ሲሴሮ ነው።

እንግዲህ ይህ ሰው፣ የጊዜ ገደብ የሌለው ዲክታተር ሆኖ ሳለ፣ ማንም ሳያስገድደው ሥልጣኑን ተወ። አጃቢዎቹን አሰናብቶ እንደ ተራ ሰው በአደባባይ ተመላለሰ፤ በካምፓንያ ባለው ቤቱም የሕይወት ታሪኩን ሲጽፍ ቆይቶ በ78 ሞተ።

ይህ ምግባር ነውን? ቀላል ነገር ነው ለማለት አልደፍርም፤ እንዲህ ያደረጉ ገዢዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸውና። ነገር ግን የተወውን ካልተወው ጋር ማመዛዘን ይገባል። ሹመቱን ተወ፤ የተወረሱት ቤቶች ግን በወረሷቸው ሰዎች እጅ ቀሩ፤ የሟቾቹ ልጆችም እንደ ተከለከሉ ነበሩ። በተነጠቀ መሬት ላይ ያሰፈራቸው ወታደሮችና ከሟቾቹ ባሮች መካከል ነጻ አውጥቶ በስሙ የጠራቸው ዐሥር ሺህ ሰዎች ነበሩለት፤ ያለ አጃቢ መሄዱ ብዙ ድፍረት የጠየቀው አይመስለኝም። የሰረቀ ሰው መስረቁን ቢያቆም መልካም አደረገ ይባላል፤ መለሰ ግን አይባልም። ሱላም ራሱን «ፌሊክስ» ማለትም ዕድለኛ ብሎ የጠራ ሰው ነው፤ የተጸጸተ ሰው የሚመርጠው ስም አይደለም።

ዓላማው ሕግን ማጽናት ነበር ብለው የሚከራከሩለት አሉ። በእርግጥም የሕግ መወሰኛውን ምክር ቤት አበዛ፣ ፍርድ ቤቶችን አደራጀ፣ የሕዝብ እንደራሴዎችን ሥልጣን ቆረጠ። ይሁንና የእንደራሴዎቹ ሥልጣን በ70 ሙሉ በሙሉ ተመለሰ። ጸንቶ የቀረው ጦር ይዞ ወደ ሮማ የመግባት ምሳሌው ነው፤ በ49 ቄሳር ሩቢኮንን ተሻገረ። የሚገርመው፣ ለሟቾቹ ልጆች ከሠላሳ ዓመት በላይ ዘግይቶ መብታቸውን የመለሰላቸውም ይኸው ቄሳር መሆኑ ነው። በ43 ግን ሰሌዳው በሮማ አደባባይ ዳግመኛ ተሰቀለ፤ በላዩ ከተጻፉት ስሞች አንዱ የሲሴሮ ነበረ።