በኩል

አንድ ማታ የአክስቴ ልጅ ከአምባ ጊዮርጊስ ደወለችልኝ። በስልኳ ፎርም እየሞላች ነበር፤ ከአዲስ አበባ ውጭ ለሚኖሩ ወጣቶች የተዘጋጀ የሥልጠና ምዝገባ ነው። ስሟን፣ የትውልድ ዘመኗን፣ የትምህርት ደረጃዋን ሞልታ አንድ ቦታ ላይ ቆማለች።

«ወንድምዓለም፣ ዚፕ ኮድ የሚል አለ። ምን ልበለው?»

«ዝለዪው።»

«አይዘለልም እኮ። ቀይ ኮከብ አለው።»

ኮከቡን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ፎርሙን የሠራነው እኔና ሁለት ባልደረቦቼ ስንሆን፣ የአድራሻውን ክፍል ግን ከባዶ አልጻፍነውም። ውጭ አገር ተሠርቶ የተቀመጠ ዝግጁ ኮድ ወስደን አስገባነው። እዚያ አገር ያለ ዚፕ ኮድ አድራሻ ሙሉ አይደለም፤ ስለዚህ ቦታው ባዶ ከሆነ ፎርሙ አያልፍም። አላየሁትም ነበር ብዬ አላመካኝም። አይቼ፣ «ሰው የሆነ ነገር ይጽፍበታል» ብዬ ነው የተውኩት።

«1000 በይና እለፊ» አልኳት።

1000 የአዲስ አበባ ቁጥር ነው። የምርጫው ጊዜ ሲደርስ አንድ ሰው ዝርዝሩን በዚያ ቁጥር አጣራው። ሥልጠናው ከአዲስ አበባ ውጭ ላሉት ስለሆነ 1000 የጻፈ ሁሉ ወጣ። እሷም ወጣች። እኔ ባየሁት ጊዜ ቦታው ሞልቶ ነበር። ደውዬ ስነግራት አልተቆጣችም። «እኔ እኮ ጠይቄህ ነበር» ብቻ አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቅ ብሎኛል። እዚህ ውስጥ የዋሸው ማን ነው?

መጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እንየው። የፖስታ ኮድ የተፈጠረው ደብዳቤ ለሚለይ ሠራተኛና ማሽን ነው። አሜሪካ በ1963 እ.ኤ.አ. ባለ 5 አሃዙን ዚፕ ኮድ ስትጀምር፣ የመጀመሪያው አሃዝ የክፍለ ግዛቶችን ምድብ፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ ደብዳቤው የሚለይበትን ማዕከል፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ደግሞ የሚታደልበትን አካባቢ እንዲያመለክቱ አድርጋ ነው። ሕንድ በ1972 እ.ኤ.አ. ባለ 6 አሃዝ አወጣች፤ ስማቸው የሚመሳሰል ከተሞችና ብዙ ዓይነት ፊደላት ስላሏት ቁጥሩ ለያዩን ቀለል አደረገለት። በሁለቱም አገር ከቁጥሩ መጨረሻ ላይ ወደ ቤት የሚሄድ ፖስተኛ አለ።

የእኛ ታሪክ ሌላ ነው። ዘመናዊ ፖስታ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1886 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1908 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ባለ 4 አሃዝ ኮድም በወረቀት ላይ አለን። ደብዳቤው ግን በተለምዶ የሚያበቃው ፖስታ ቤት፣ ሳጥን ውስጥ ነው። ሳጥኑ የራሱ ቁጥር አለው፤ ባለቤቱ ራሱ ሄዶ በቁልፉ ይከፍታል። ቤት ለቤት የሚያድል ከሌለ፣ የሰፈር ኮድ ብዙም ሥራ የለው።

ታዲያ ሳጥን የሌለው ሰውስ? አባቴ ተማሪ ሳለ ደብዳቤ የሚመጣለት በትምህርት ቤቱ ሳጥን ነበር። ፖስታው ላይ የትምህርት ቤቱ ስምና የፖስታ ሳጥን ቁጥሩ ይጻፍና «በኩል» ይባላል፤ ከሥሩ «ለእገሌ ይድረስ»። የአድራሻችን ዋና ቃል እሱ ነው፤ በኩል። በመምህሩ በኩል፣ በቄሱ በኩል፣ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚያልፈው ሾፌር በኩል። አድራሻህ ማለት የሚያውቅህ ሰው ማለት ነው።

ደስ የሚል ነገር አለው። ዛሬም አምባ ጊዮርጊስ ከአውቶቡስ ወርደህ የአንድ ሰው ስም ከነአባቱ ብትጠራ፣ ልጅ ይዞህ እስከ ደጁ ይሄዳል። ግን ናፍቆት እውነቱን እንዳይሸፍንብን። በኩል ያለ ሰው ሁሉ ደብዳቤህን ያያል። ማን እንደጻፈልህ፣ ከየት እንደመጣ፣ ስንት ጊዜ እንደመጣ ያውቃል። አንዲት ልጅ ቤተሰቧ እንዲያውቀው የማትፈልገው ደብዳቤ ቢመጣላትስ? ከመምህሩ የተጣላ ተማሪስ? ሰው በሰው በኩል ብቻ የሚገኝ ከሆነ፣ የሚያውቀው ያጣ ሰው አይገኝም። ቁጥር ይህን ነፃነት ይሰጣል፤ ማንንም ሳታስፈቅድ መገኘት።

ያው ቁጥር ግን በሌላ እጅም ይያዛል። በ1770 እ.ኤ.አ. በማሪያ ቴሬዛ ዘመን የኦስትሪያ ቤቶች ቁጥር የተሰጣቸው ለውትድርና የሚደርሱ ወንዶችን ለመመዝገብ እንጂ ደብዳቤ ለማድረስ አልነበረም። እኛም አገር በሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ከወረሰ በኋላ፣ ከተሜው በቀበሌ ተደራጀ፤ ቤቱም በቀበሌ ቁጥር ተመዘገበ። ስኳር የሚታደለው በዚያ መዝገብ ነበር። በ1969 ዓ.ም. ቤት ለቤት አሰሳ ሲካሄድም ቀበሌው ማን የት እንደሚኖር ያውቅ ነበር። ያንን ዘመን ያየ አዛውንት «የቤት ቁጥር» ሲባል ፊቱ ቢለወጥ አይፈረድበትም።

ስለዚህ ቁጥር ይኑር ወይስ አይኑር የሚለው ጥያቄ ብቻውን የትም አያደርስም። እኔ ወደ አየርላንድ ማየት ጀመርኩ። እነሱም እስከ 2015 እ.ኤ.አ. አገር አቀፍ የፖስታ ኮድ አልነበራቸውም። ከሦስት ቤት ከአንድ የሚበልጠው የራሱ ብቻ የሆነ አድራሻ አልነበረውም፤ ገጠር ውስጥ አንድ የመንደር ስም ብዙ ቤት ይጋራዋል፣ ፖስተኛው በቤተሰብ ስም ይለያል። ከእኛ ብዙም አይርቅም። ኮዱ ሲመጣ ለእያንዳንዱ ቤት 7 ፊደልና አሃዝ ተሰጠው። የነካኝ ግን ሌላ ነው፤ አዲሱ ኮድ የድሮውን አድራሻ አልሻረም። ኮዱን ያልጻፈ ሰው ደብዳቤው አይቀርም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። አንድ ባልደረባዬ፣ «ክፍት ካደረግነው ሰው እንደፈለገ ይጽፋል፣ ዳታው ይበላሻል» ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ ለፕሮግራመር የተዝረከረከ ዳታ ራስ ምታት ነው። ግን የእኛን ዳታ ያየ ሰው ምን ይላል? ሁሉም ረድፍ ሙሉ፣ ሁሉም ባለ 4 አሃዝ። ንጹሕ ነበር፤ እውነት ግን አልነበረም።

መጠየቅ ሥልጣን ነው። ዳኛ ሲጠይቅ፣ ቀበሌ ሲጠይቅ፣ ፎርም ሲጠይቅ፣ ተጠያቂው ካልመለሰ የሚያጣው ነገር አለ። እንዲህ ያለ ሥልጣን የያዘ ሰው አንድ ግዴታ ያለበት ይመስለኛል፤ ለእውነተኛው መልስ ቦታ መተው። «የለኝም» እውነተኛ መልስ ሆኖ ሳለ ፎርሙ አልቀበልም ካለ፣ ውሸቱን የጻፈው ኮከቡን ያስቀመጠው ነው። እሷ እውነቱን ይዛ መጣች፤ ያስዋሸኋት እኔ ነኝ። ያውም ሁለቴ፤ መጀመሪያ በኮዱ፣ ቀጥሎ በስልክ።

ለቀጣዩ ዙር ፎርሙን አስተካከልነው። የፖስታ ኮዱ አለ፤ ያለው ይጽፋል፣ የሌለው «የለኝም» ይላል። ክልልና ወረዳ ለየብቻ ይጠየቃሉ። ከታች ደግሞ አንድ ሰፊ ቦታ አለ፦ «ሰው ቤትዎን ቢጠይቅዎ እንዴት ይነግሩታል?»

የአክስቴ ልጅ እንደገና ሞላች። ማየት ባይገባኝም አየሁት። እንዲህ ይላል፦ «ማዕከላዊ ጎንደር፣ ወገራ፣ አምባ ጊዮርጊስ። ከዋናው መንገድ ወርዳችሁ የእናቴን ስም ጠይቁ።»

ከሥሩ የእናቷን ስም ከነአያቷ ጽፋለች። የፖስታ ኮድ በሚለው ቦታ ላይ «የለኝም» ብላለች።