ከቀዶ ሕክምና በኋላ ስለሚቀር ሥጋት

በቢቸናና በሞጣ፣ እንደ መላ አገራችን ሁሉ፣ በልጅነት ሳይታከም ያለፈ የጉሮሮ ሕመም ውሎ አድሮ የልብን ቫልቭ ጎድቶ ወጣቶችን ይጥላል። በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከል ከተከፈተ ወዲህ ቀዶ ሕክምናው በአገር ውስጥም ይሰጣል። ይሁንና ሰው ሠራሽ ቫልቭ የተተካለት ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ድካሙ ወዲያው አይለቀውም፤ ሌሊት የቫልቩን ድምፅ እያዳመጠ ይሠጋል። ጎረቤትም «እግዚአብሔር ምሮህ ሳለ ምን ያስጨንቅሃል?» ይለዋል።

ታዲያ ይህ ሥጋት የእምነት ጉድለት ነውን? አይደለም እንላለን። ጌታችን ስለ ነገ መጨነቅን ሲከለክል ሰውነታችንን ቸል እንድንል አላዘዘም፤ መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምንና መድኃኒትን የእግዚአብሔር ሥራ አድርጎ ያከብራቸዋል። ድካሙ ቀስ በቀስ የሚለቅ ነው፤ ትኩሳት፣ እየባሰ የሚሄድ የትንፋሽ ማጠር ወይም የአንደበት መተሳሰር ሲታይ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ ግዴታ ነው። እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን የሚሠጋው ሳይሆን «ድኛለሁ» ብሎ፣ ወይም ለጸበል ሲል፣ ዋርፋሪኑን የሚያቋርጠው ነው፤ ደም በቫልቩ ላይ ረግቶ ሊገድለው ይችላልና። (ጸበሉንና ኪኒኑን ያጣላቸው ማን ይሆን?) መድኃኒቱም የደም ምርመራውም ዕድሜ ልክ ናቸው። ስለዚህ ካቴኪስቶቻችን ሕመምተኛውን ሲጎበኙ የቀጠሮውን ቀን ይጠይቁት፤ መሳፈሪያ ካጣም ለቁምስናው ያሳውቁለት።