ቀዩን ዘይት ጠርገህ አትሂድ

አሮጌ ሴስና 172 አለኝ ብለህ የምትኮራ፣ ስማ! ክንፉን ወልውለህ እንዲያብረቀርቅ ታደርጋለህ፤ መቀመጫውን አዲስ ቆዳ ታለብሳለህ፤ ይህ ዓይነት አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በ1956 ገበያ ላይ ዋለ፣ ካንሳስ ውስጥ ዊቺታ ተሠራ እያልህ ለእንግዳ ሁሉ ትተርካለህ። የፊት እግሩ አጎንብሶ መቆሙን ግን አይተህ እንዳላየ አለፍህ። የምገሥጽህ ስለዚህ ነው።

ጠዋት ከፊት ጎማው በላይ ቀይ የሃይድሮሊክ ዘይት ወርዶ ነበር። በጨርቅ ጠረግኸው። የፊት እግሩ አሞርዛተር ስለተኛ አየር ነፋህበት፤ ቀና ሲል ዳነ ብለህ በረርህ። ምን ሠራህ? ምስክሩን አፈንህ፤ ሕመሙን እዚያው ተውኸው። አየሩ የአውሮፕላኑን ክብደት ይሸከማል፤ የማረፊያውን ምት የሚያበርደው ግን በጠባብ ቀዳዳ ተጨንቆ የሚያልፈው ዘይት ነው። ዘይቱ አልቆ በአየር ብቻ የቆመ እግር መሬት ሲነካ እንደ ኳስ ይነጥራል።

ሥራው የተሰወረ አይደለም፤ ፈቃድ ላለው መካኒክ ስጠው። እርሱ አስቀድሞ አየሩን ጨርሶ ያስወጣል፤ ግፊት ያለበትን እግር የሚፈታ በገዛ አካሉ ይቀልዳልና። ያረጀውን ማሸጊያ ጎማ ይቀይራል። የሚያብረቀርቀውን ዘንግ ይመረምራል፤ የተጫረ ወይም የዛገ ዘንግ አዲሱንም ጎማ ይበላዋል። ዘይቱን በመመሪያው መሠረት ይሞላል። ከዚያ አፍንጫው ከመሬት ተነሥቶ አየር ይነፋል፤ ለብዙዎቹ 172ዎች ልኩ 45 ፒ.ኤስ.አይ. ነው። የአንተን አውሮፕላን መመሪያ ግለጥና አረጋግጥ፤ በዓይን ግምት ልክ አይገኝም።

አርፈህ ስትሮጥ የፊት ጎማው ሲርገፈገፍ፣ ፔዳሉ ከእግርህ ሥር ሲንቀጠቀጥስ ምን አልህ? «አርጅቶ ነው» አልህ። በእርጅና አታሳብብ! መጋጠሚያው ተበልቶ፣ ብሎኑ ላልቶ፣ መንቀጥቀጡን የሚያረግበው መሣሪያ ዘይት ጎድሎት ወይም ጎማው ሚዛኑን ስቶ ይሆናል። ከእነዚህ አንዱንም እንዳትጠግን ዕድሜ አልከለከለህም፤ እያንዳንዱ ይታያል፣ ይጠገናል።

ደግሞም በእጅህ የምትጎዳው አለ። መሬት ላይ ስትጎትተው ከ30 ዲግሪ አሳልፈህ ትጠመዝዘዋለህ። ለማዞር ስትቸኩል የጭራውን ክንፍ በክንድህ ትጫናለህ። ፍጥነት ሳትቀንስ መጥተህ በፊት ጎማው አስፋልቱን ትመታለህ። ያ እግር የታሰረው ከሞተሩ ኋላ ባለው ስስ የብረት ግድግዳ ላይ መሆኑን ረሳህን? እግሩ ሲጎብጥ ግድግዳው ይጨማደዳል፤ እግሩ ሲታጠፍ ፕሮፔለሩ መሬት ይመታል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ይመረመራል። በአንዲት ማሸጊያ ጎማ ዋጋ የሳሳህ ሰው የሞተር ዋጋ ትከፍላለህ። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ሳይሠራ «ተፈትሿል» ተብሎ በጥገና መዝገብ የሚጻፈው ነው። አጠገብህ የሚቀመጠው ሰው መዝገቡን አያነብም፤ የሚያምነው ፊትህን ነው። ያመነህን ሰው በጠረግኸው ዘይት ላይ አታስቀምጥ። ከአንተ በፊት የያዙት ሰዎች ጠብቀውት ነው ለአንተ የደረሰው፤ ቀጣዩ ባለቤትም ከአንተ እጅ ይጠብቃል።

ነገ ጠዋት ጨርቁን ከማንሳትህ በፊት ተንበርከክና እግሩን እይ። ቀይ ዘይት ካየህ አትብረር።