የውበት ዕዳ

ውበት ያለ ዋጋ አይገኝም። ግንቡን የካበው፣ ሐውልቱን የጠረበው፣ ሸማውን የሸመነው እጅ ደክሟል። ዋጋውን የከፈለው ግን ሁልጊዜ በውበቱ የሚደሰተው ሰው አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ከፋዩ ስሙ ያልተጻፈለት፣ ከባሕር ማዶ በሰው እርሻ ላይ ወድቆ የቀረ ይሆናል። እንግዲህ በሌላው ሥቃይ የተገዛ ውበት ሲያጋጥመን ምን ልናደርግ ይገባናል? ዓይናችንን ልንመልስ ነውን? ወይስ «ያለፈው አልፏል» ብለን ልንደሰት? ይህ ጥያቄ የተነሣብኝ ከመጽሐፍ ገጽ ላይ አይደለም፤ በፈረንሳይ አገር፣ በጋሮን ወንዝ ዳር በምትገኘው በቦርዶ ከተማ፣ ቡና እየጠጣሁ ሳለ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ቦርዶ የተቆረቆረችው ወንዙ እንደ ግማሽ ጨረቃ በሚታጠፍበት ቦታ ነው፤ ወደቧም በዚሁ ምክንያት «የጨረቃ ወደብ» ይባላል። ዩኔስኮ በ2007 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በ17 ቅስቶች ላይ የቆመው የድንጋይ ድልድይ ከ1822 ጀምሮ ሁለቱን ዳርቻዎች ያገናኛል። ቪክቶር ሉዊ የነደፈውና በ1780 የተከፈተው ታላቁ ቴያትር ቤት በ12 ዓምዶቹ ላይ 12 ሐውልቶች ተሸክሟል። የተውኔት ሰው ነኝና በደረጃው ላይ ስወጣ ልቤ መምታቱን አልደብቅም። ከሁሉ ይልቅ ጎብኚው የሚሰበሰበው ግን በወንዙ ፊት ለፊት በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት በተሠራው በቡርስ አደባባይ ነው። የጋሮን ውሃ ጭቃማ ስለሆነ የሕንፃ መልክ አያሳይም። ስለዚህ ከተማይቱ በ2006 ከአደባባዩ ፊት ጥቁር ድንጋይ አንጥፋ ጥቂት ውሃ አስተኛችበት፤ ሕንፃዎቹ አሁን በዚያ «የውሃ መስተዋት» ውስጥ ተገልብጠው ይታያሉ።

በዚያ የሚማር አንድ የአገሬ ልጅ ከተማውን ሲያስጎበኘኝ ውሎ ወደ ማምሻው ላይ ቡናና ካንሌ የሚሉትን የአገሩን ጣፋጭ ጋበዘኝ። ካንሌ በመዳብ ቅርጽ ተጋግሮ ውጭው ጠቆር ብሎ የሚደርቅ፣ ውስጡ ለስላሳ የሆነ፣ ቫኒላና ሩም የሚገባበት ትንሽ ኬክ ነው። ጣፈጠኝ፤ ሁለተኛም ጨመርሁ። ወጣቱም ፈገግ ብሎ፣

«ጋሼ፣ ይህ የሚበሉት ነገር ከየት እንደመጣ ልንገርዎት?» አለኝ።

«ከዳቦ ጋጋሪው ነዋ!» አልሁት።

«ስኳሩና ሩሙ ከሸንኮራ አገዳ ነው፤ በዚያ ዘመን አገዳውም ቡናውም ይመጣ የነበረው ከካሪቢያን ደሴቶች ነበር። የደሴቶቹ ሠራተኞች ደግሞ ከእኛው አህጉር የተጋዙ ባሮች ነበሩ» ሲል መለሰልኝ።

ኩባያውን አስቀመጥሁ። በማግሥቱ በአኪቴን ቤተ መዘክር ለዚሁ ታሪክ የተሰጡትን ክፍሎች አየሁ። ከ1672 እስከ 1837 ድረስ ከዚህ ወደብ ወደ 500 የሚጠጉ የባሪያ ንግድ ጉዞዎች ተነሥተው ከ120 ሺሕ እስከ 150 ሺሕ የሚደርሱ አፍሪካውያንን አግዘዋል። ይሁን እንጂ የከተማይቱ ሀብት አብዛኛው የመጣው ከሰው ሽያጭ በቀጥታ አልነበረም። ነጋዴዎቿ ወይንና ዱቄት ወደ ደሴቶቹ እየላኩ ስኳርና ቡና ያስመጡ ነበር። ዛሬ ሃይቲ የምትባለው፣ ያን ጊዜ ሳን ዶማንግ ተብላ በፈረንሳይ ትገዛ የነበረችው አገር፣ በ1780ዎቹ ዓመታት የዓለምን ቡና ግማሽ ያህል ታመርት ነበር። ተክሉ መነሻው ከእኛ ተራራ ነው፤ በየመን በኩል ወጥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በአፍሪካውያን ላብ ለቦርዶ ሳሎኖች ተፈላ።

ጥያቄው የሚከብደው በዚህ ላይ ነው። ሰውን በሰንሰለት ያሰረውን መኰነን ቀላል ነው። ነገር ግን ሰንሰለት ነክቶ የማያውቅ፣ ባሪያ በዓይኑ ያላየ፣ ስኳር ገዝቶ ስኳር የሸጠ፣ ከትርፉም ለቴያትር ቤት ያዋጣ ነጋዴስ? እጁ ንጹሕ ነው ማለት ይቻላልን? አይቻልም እላለሁ። ክፉ ሥራ በብዙ እጅ ሲከፋፈል እያንዳንዱ እጅ ንጹሕ መስሎ ይታያል። አንዱ ይማርካል፣ አንዱ ይጭናል፣ አንዱ ያሠራል፣ አንዱ ሒሳብ ይጽፋል፣ አንዱ ይጠጣል። ግፍ ረጅም ዕድሜ የሚያገኘው በጨካኞች ብዛት ሳይሆን ሳይጠይቁ በሚጠጡ ሰዎች ብዛት ነው።

ለዚህ ጥያቄ ሁለት ቀላል መልሶች ይሰጣሉ። አንደኛው «ድንጋይ ኃጢአት የለበትም፤ ጥበብን ከታሪኩ ለይተህ ተመልከት» የሚለው ነው። ይህ ግን የወጋ ሰው ምክር ነው፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። በቦርዶ ሕንፃዎች መስኮት አናት ላይ ከተቀረጹት የድንጋይ ፊቶች መካከል የአፍሪካውያን ፊት አለ፤ ድንጋዩ ራሱ ታሪኩን አልካደም። ሁለተኛው መልስ «በግፍ የተሠራ ሁሉ ይፍረስ» ይላል። ይህም ቢሆን የጠራቢውን፣ የግንበኛውንና የአናጺውን ድካም ከነጋዴው ትርፍ ጋር ደምሮ ይቀብራል። ከዚህም በላይ ምስክሩን ያጠፋል፤ ማስረጃው ሲፈርስ የሚገላገለው ባለዕዳው ነው።

ሦስተኛ መንገድ አለ፤ እርሱም ዕዳውን አውቆ፣ ስሙን ጠርቶ፣ ከውበቱ ጎን ማቆም ነው። በወንዙ ዳር ከ2019 ጀምሮ የአንዲት ሴት ሐውልት ቆሟል። ቀራጺው የሃይቲው ተወላጅ ውድሊ ካይሚት ነው። ሴቲቱ አል ፑዌሲ ትባል ነበር። በምሥራቅ አፍሪካ ተወልዳ፣ በልጅነቷ ተማርካ፣ ለቦርዶዎቹ የቴስታስ ወንድማማቾች ተሸጠች፤ ሞደስት ቴስታስ የሚል ስም ተሰጥቷት ወደ ሳን ዶማንግ ተጋዘች። ነፃ የወጣችው ጌታዋ ሲሞት በኑዛዜ ነው። በ1870 በሃይቲ ዐረፈች፤ ከልጅ ልጆቿም አንዱ ፍራንሷ ዴኒ ሌዢቲም በ1888 የዚያች አገር ፕሬዚዳንት ሆነ። የገዟት ሰዎች ከተማ ዛሬ በእርሷ ሐውልት ፊት ያልፋል።

በሐውልቱ ፊት ቆሜ ፈረንሳዮችን ብቻ ልወቅስ ፈልጌ ነበር፤ አልሆነልኝም። ያች ልጅ ከፈረንሳዊ እጅ ከመግባቷ በፊት ከእኛው ምድር በአንድ እጅ ተይዛለች፤ ያ እጅ እንደ እኔ ጥቁር ሳይሆን አይቀርም። በአገራችንም ባርነት በሕግ ጨርሶ የተሻረው በ1942 ነው፤ ገና አንድ መቶ ዓመት አልሞላውም። በየመኳንንቱ ቤት ማጀት ውሃ የቀዱ፣ እህል የፈጩ ሴቶች ሐውልት የት ነው? ስማቸውስ በየትኛው ተውኔታችን ውስጥ ተነሥቷል? እኔ ራሴ የነገሥታቱን ግርማ በመድረክ ላይ ሳሳይ ወፍጮ ላይ ስላደረችው ሴት አንዲት መስመር አልጻፍሁም። የሰውን ዕዳ መቁጠር የምችለው የራሴን ስቆጥር ነው።

የብዕር ሰው ከቦርዶ ሌላም ትምህርት ያገኛል። ከከተማይቱ አጠገብ የተወለደው ሞንቴስኪዬ በ1748 ባሳተመው የሕግ ድርሳን የባርነትን ተሟጋቾች በምፀት አሳፍሯቸዋል። ሆኖም መርከቦቹ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ከወደቡ ተነሥተዋል። እውነተኛ ቃል ብቻውን ሰንሰለት አይፈታም፤ በሳን ዶማንግ የፈቱት በ1791 የተነሡትና በ1804 ነፃነታቸውን ያወጁት ባሮች ራሳቸው ናቸው። ቃሉ ግን ከንቱ አልነበረም፤ ግፉን «አላወቅንም» የሚል ሰው እንዳይኖር አድርጓል።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። በውበት መደሰት ወንጀል አይደለም፤ ሳይጠይቁ መደሰት ግን የከፋዩን ድካም ለሁለተኛ ጊዜ መውሰድ ነው። አስተማሪ ተማሪዎቹን ወደ ግንብ ሲወስድ «ማን አሠራው?» ብቻ ሳይሆን «ማን ተሸከመ?» ብሎ ይጠይቅ። ቅርስ እንዲጠብቅ ኃላፊነት የተሰጠው ከንጉሡ ስም ጎን የሠራተኛውን ቦታ ይተው። ደራሲም ማጀቱን ወደ መድረክ ያምጣ።

ከከተማይቱ በወጣሁበት ማለዳ ወደ ወንዙ ተመለስሁ። በመስተዋቱ ላይ ልጆች በባዶ እግራቸው ይሮጣሉ፤ ሕንፃው በእግራቸው ሥር ይሰበርና ተመልሶ ይገጥማል። ከጀርባቸው ጋሮን ጭቃውን ይዞ ወደ ውቅያኖስ ይወርዳል። አስጎብኚዬ «ቡና እንጠጣ ወይስ ይቅርብዎት?» አለኝ። «እንጠጣ እንጂ» አልሁት፤ «ግን በቅድሚያ ወደ ሐውልቷ ውሰደኝና ስሟን በማስታወሻዬ ልጻፍ።»