የእናትህ ዘመን ሰው በመጣብህ ጊዜ

በአላህ ስም እጅግ ሩኅሩኅ እጅግ አዛኝ በሆነው። ምስጋና ለአላህ ይገባው፤ ሶላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ፥ በቤተሰባቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።

ከዚህ በኋላ፥ ወንድሜ ሆይ፥ ዕወቅ። እናቱ የሞተችበት ሰው አስቀድሞ የሚጠፋበት ድምፅዋ ነው። መልኳን ያስታውሳል፤ ድምፅዋን ግን ቢፈልገው አያገኘውም። አንድ ቀን በሱቅህ ተቀምጠህ ሚዛን ስትይዝ፥ ደንበኞችም ቆመው ሳሉ፥ አንዲት አሮጊት ትመጣና እናትህ ብቻ በምትጠራህ በቤት ስምህ ትጠራሃለች። በዚያች ሰዓት ነፍስህ፦ «ልትለምን ነው የመጣች፤ ሰው ሳይሰማ ቶሎ ሸኛት» ትልሃለች።

በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ፥ ይኸውም እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ630 ዓ.ም.፥ በሑነይን ዘመቻ ከሀዋዚን ጎሣ ብዙ ሰዎች ተማረኩ። ከነርሱም መካከል የሐሪስ ልጅ ሸይማ ነበረች። ወታደሮቹ ባዋከብዋት ጊዜ «እኔ የጌታችሁ የጡት እኅት ነኝ» አለቻቸው፤ እነርሱ ግን አላመንዋትም። ወደ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) በቀረበች ጊዜ ምልክቷን ጠየቋት። እርስዋም፦ አዝዬዎት ሳለሁ ጀርባዬ ላይ የነከሱኝ ንክሻ ነው ብላ መለሰች። ወዲያው ዐወቋት። መጎናጸፊያቸውን አንጥፈው በላዩ አስቀመጧት፤ ከእርሳቸው ጋር መቀመጥን ወይም ወደ ወገኖቿ መመለስን አስመረጧት። ወገኖቿን በመረጠች ጊዜም ስጦታ ሰጥተው በክብር ሸኟት።

ምልክት መጠየቃቸውን እንደ ክፉ ጥርጥር የሚቆጥር አይጥፋ፤ እኔ ግን እንዲህ አላይም። አንተም ያለ ምስክር ዕዳ አትቀበልም። ማስረጃው ከተገኘ በኋላ ግን ቆማ እንድትቆይ አላደረጓትም። ደግሞም ማስረጃው ምን እንደ ነበረ ተመልከት፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት አልነበረም፥ የሕፃን ጥርስ እንጂ! ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ በደረሰ ጊዜ፥ መካ በተከፈተችበት ዓመት፥ በሐሊማ ቤት የነበረው ልጅነታቸው በአንዲት ምርኮኛ ጀርባ ላይ ተገኘ።

የሀዋዚን መልክተኞችም መጥተው ይህንኑ የጡት ዝምድና አንሥተው በለመኗቸው ጊዜ፥ የራሳቸውንና የዐብዱልሙጦሊብን ልጆች ድርሻ ለቀቁላቸው፤ ሙሃጅሮችና አንሷሮችም ተከተሏቸው። ምርኮኞቹ ስድስት ሺህ ያህል እንደ ነበሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ።

የዑመር ልጅ ዐብዱላህ ደግሞ በመካ መንገድ አንድ የገጠር ዐረብ አግኝቶ የሚጋልበውን አህያና የራሱን ጥምጥም ሰጠው። ባልደረቦቹ «ለእንዲህ ያለ ሰው ጥቂትም ይበቃው ነበር» ቢሉት፥ የዚህ ሰው አባት የአባቴ ወዳጅ ነበረ አለ።

የወለደቻቸው እናታቸው አሚና ግን፥ እርሳቸው የስድስት ዓመት ያህል ልጅ ሳሉ፥ በመካና በመዲና መካከል በአብዋእ ሞተች። ከመቃብሯ አጠገብ ይዛቸው ወደ መካ የተመለሰችው ሐበሻይቱ በረካ፥ ኡሙ አይመን ናት። ከብዙ ዘመን በኋላ የእናታቸውን መቃብር ጐብኝተው አለቀሱ፤ በዙሪያቸው የነበሩትም አለቀሱ። ኡሙ አይመንን ግን በሕይወት ሳለች ወደ ቤቷ እየሄዱ ይጠይቋት ነበር። እርሳቸው ካለፉ በኋላም አቡበክርና ዑመር፥ እርሳቸው ይጠይቋት ስለ ነበረ ብቻ፥ ተነሥተው ሄዱ።

አንተ ለንግድ በሩቅ አገር ሳለህ እናትህ ሞታ ቀብሯ ላይ ያልደረስህ፥ ለአንተ ደግሞ የዑባዳ ልጅ ሰዕድ አለልህ። እርሱም በሌለበት እናቱ ሞተች። በስሟ ሰደቃ ብሰጥ ይጠቅማታልን? ብሎ ጠየቀ፤ አዎን ተባለ። እርሱም ፍሬ የሚሰጠውን የአትክልት ቦታውን በስሟ ሰጠ። ከትርፉ ከፍሎ አልሰጠም፥ ቦታውን ራሱን እንጂ።

አላህ ሆይ! እናቶቻችንን ማር፤ ከእነርሱም ጋር ያዘሉንን ሴቶች፥ ስማቸውን የምናውቀውንም የማናውቀውንም፥ ማር። አሚን።