ምስክር ወይስ ዳኛ?

ከደሴ የተነሳው ሚኒባስ የሐረጎን ጠመዝማዛ ሲጀምር ሾፌሩ ሙዚቃውን ከፍ ያደርጋል። እስከ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ገጽ ካሴት ያህል። የማሪቱ ለገሰ አምባሰል ሲመጣ ከኋላ ወንበር አንድ አዛውንት «ዘፋኝ ድሮ ቀረ፤ የዛሬዎቹ ዘፋኞች አይባሉም» ይላሉ። አጠገባቸው ያለው ወጣት «ጋሼ፣ የዛሬዎቹን ሰምተዋቸዋል?» ይላቸዋል። ረዳቱ «ሒሳብ!» ይላል፣ ብር ከኋላ ወደ ፊት ይቀባበላል፣ ጥያቄው ሳይመለስ መናኸሪያ ይደረሳል። በዚህ መንገድ ለሚመላለስ ሰው እንዲህ ያለ ሙግት እንግዳ አይደለም።

ይኸው ነገር ከትልቅ ሰው አፍ ሲወጣ ግን ዓለምን ያንጫጫል። አሜሪካዊው የሙዚቃ ፕሮዲውሰር ኩዊንሲ ጆንስ በ2018 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ በ84 ዓመቱ፣ ለመጽሔት የሰጠው ቃለ መጠይቅ ምስክር ነው። የማይክል ጃክሰንን «ትሪለር» ያህል አልበም የሠራ ሰው ነው፤ ስለ ሙዚቃ ሲናገር «አንተ ማነህ?» የሚለው የለም። ቢትልሶችን ሲያገኛቸው የዓለም መጥፎ ተጫዋቾች መስለው እንደታዩት፣ ማይክል ጃክሰንም ከሌሎች ዜማ ይሰርቅ እንደነበር ተናገረ። ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ስድስት ሴት ልጆቹ ቁጭ አድርገው እንደመከሩት ገልጾ ይቅርታ ጠየቀ። ማይክል ግን በ2009 እ.ኤ.አ. ሞቷል። ይቅርታውንም ስድቡንም አልሰማም።

ታዲያ ይሄ ሂስ ነው ወይስ ሐሜት?

ጥያቄው ወሎ ውስጥ ሲነሳ መልስ የሚያዋጡ ሁለት የቆዩ ትምህርት ቤቶች አሉ። በእስልምናው በኩል ጊባ የሚባለው ነገር አለ፤ ሰው በሌለበት የሚጠላውን ማንሳት ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን ነው፤ ነገሩ እውነት ቢሆንም ጊባ ነው። ውሸት ከሆነማ ስሙ ቡህታን ነው፣ ኃጢአቱም የባሰ። እንዲህ ጥብቅ ሆኖ ሳለ ግን የሐዲስ ሊቃውንት ሰውን በስም እየጠሩ «ይሄ ማስታወሱ ደካማ ነው፣ ያኛው አይታመንም» የሚሉበት ሙሉ የትምህርት ዘርፍ አበጅተዋል፤ አል-ጀርሕ ወት-ተዕዲል ይሉታል። የነቢዩ ቃል ሳይበረዝ እንዲተላለፍ አስተላላፊውን መመርመር ግዴታ ነው ብለው። ልጓሙም አብሮ ተቀምጧል፤ ታማኝነቱ በታወቀ ሰው ላይ ምክንያቱ ያልተዘረዘረ ነቀፋ ተቀባይነት የለውም። በወሎዎቹ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት፣ በዳናም ሆነ በገታ፣ ያደሩ ዓሊሞች ለደረሶቻቸው ያወረሱት ጥንቃቄ ከዚህ ዓይነቱ ነው።

በክርስትናው በኩል ሐሜት ለነፍስ አባት የሚነገር ኃጢአት ነው። ሆኖም የዋድላን የቅኔ ቤት ያየ ሰው በሰው ፊት መነቀፍ ምን እንደሚመስል ያውቃል። ተማሪው ጉባኤ ቃናውን ይዞ ይቆማል፣ ይነግራል። ሰምና ወርቁ ካልተገጣጠመ፣ ዜማው ከተሰበረ መምህሩ እዚያው ያፈርሰዋል፤ ካማረ «ይበል!» ይባልለታል። የሚፈርሰው ግን ቅኔው ነው። ተማሪውም እዚያው ቆሟል፤ የት ላይ እንደሳተ ሰምቶ፣ በማግስቱ ሌላ ቅኔ ይዞ ሊመለስ ይችላል።

በዚህ ሚዛን የኩዊንሲ ንግግር ለሁለት ይከፈላል። በ1970 እ.ኤ.አ. ለወጣው የቢትልሱ ከበሮ መቺ የሪንጎ ስታር አልበም አንድ ዘፈን ሲያቀናብር ሪንጎ አንዲት አጭር ቦታ ላይ ሰዓታት እንደፈጀ፣ «እስቲ ወጣ ብለህ ተናፈስ» ብሎ ልኮት ሌላ ከበሮ መቺ እንዳስገባ ተርኳል። ይህ ምስክርነት ነው። ስቱዲዮ አለው፣ ዘፈን አለው፣ የሚከራከር ቢመጣ የሚይዘው ነገር አለ። «የዓለም መጥፎ ተጫዋቾች» የሚለው ግን የአንድ ከሰዓት ምስክር ተነስቶ የአራት ሰው ዕድሜ ልክ ሥራ ላይ ሲፈርድ ነው። ጆሮው ያው ጆሮ ነው፤ ወንበሩ ተቀየረ።

ወደ አገራችን ሲመጣ ነገሩ ይበልጥ ይረቃል። አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ.፣ ለሀገር ፍቅር ቴአትር የተሰጠውን ሸክላ የማሳተም የብቻ መብት ተዳፍሮ፣ አምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁም የመጀመሪያ ሸክላው የአለማየሁ እሸቴ ነበር። በ1975 እ.ኤ.አ. አገር ጥሎ እስኪወጣ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላ አሳተመ። አሊ ታንጎ በካይፋ ሪከርድስ ተከተለ፤ የማህሙድ አህመድን «ኧረ መላ መላ» የሰጠን እሱ ነው። እነዚህን ሸክላዎች ለቅሞ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ለዓለም ያሰማው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነው። ውለታው ትልቅ ነው። ፍርዱም ጠንካራ ነው፤ ወርቃማው ዘመን ደርግ ሲመጣ አበቃ፣ ሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሙዚቃ ገደለው፣ የነሐስ መሣሪያው ዝም አለ፣ ኪቦርድ ቦታውን ወረሰ ይላል።

ሰውዬው አዲስ አበባ መመላለስ የጀመረው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ፣ በዚያው በሰዓት እላፊው ዘመን ነው። የክቡር ዘበኛንና የፖሊስ ኦርኬስትራን ወርቅ ያገኘው በሸክላ ነው። የ45 ዙር ሸክላ ደግሞ አንዱ ገጹ አራት አምስት ደቂቃ ቢይዝ ነው። ከዚያ በላይ የረዘመ ነገር ወይ ይቆረጣል ወይ ለሁለት ገጽ ይከፈላል። ሌሊቱን ሙሉ በሐድራ የሚፈስ መንዙማ፣ ሠርግ ቤት እስኪነጋ የሚንቆረቆር የማሲንቆ አምባሰል ሸክላ ላይ አይገባም። ባልገባ ነገር ላይ ሸክላው ሊመሰክር አይችልም። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸውን የያዙት ከዚሁ ከወሎ መሬት መሆኑን ልብ ይሏል።

ደሴ ላይ ሆኖ ሲታይ «ወርቃማ» የምትለዋ ቃል ሌላም ክብደት አላት። የአዲስ አበባ የምሽት ክበቦች በደመቁባቸው በ1965 እና 1966 ዓ.ም. ወሎ በረሀብ እያለቀ ነበር። መንግሥት ሸፈነው፤ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ቀርጾ በጥቅምት 1973 እ.ኤ.አ. እስኪያሳየው ዓለም አላወቀም። ይህ የጥላሁን ገሠሠን ድምፅ አያሳንስም፤ ዘፈን በሌላ ሰው በደል አይጠየቅም። ዘመንን «ወርቅ» ማለት ግን ስለ ዘፈን ብቻ የተነገረ ፍርድ አይደለም፤ በዚያ ዘመን ስለኖረ ሰው ሁሉ የተነገረ ነው። መንገድ ዳር የወደቀው ወሎዬም በዚያ ዘመን ኖሯል።

ከዚያ በኋላ በመጣው፣ «ጨለማ» በተባለው ጊዜ፣ ደሴ የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ነበራት። ኪነት የደርግ መሣሪያ እንደነበረ መካድ አይቻልም፤ ለመፈክር ያልዘመረ ቡድን አልነበረም። ነገር ግን ማሪቱ ለገሰን ለመላው አገር ያሰማው ይኸው ቡድን ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ያሉት ጋሼ «ድሮ» ሲሉ የሚያስቡት ምናልባት የፋልሴቶን ጨለማ ነው! ፋልሴቶ የነሐስ ኦርኬስትራ በመዲናይቱ እንዴት እንደከሰመ ሲናገር ይታመናል። ለወሎ ጆሮ ሲፈርድ ግን ይግባኝ ሊባልበት ይገባል።

ይግባኝ ደግሞ ምስክር ይፈልጋል። አምሃ እሸቴ በ2021 እ.ኤ.አ.፣ ኩዊንሲ ጆንስ በ2024 እ.ኤ.አ. አርፈዋል። የኪነት ቡድኑን በደሴ አዳራሾች ያዩ፣ በኮምቦልቻና በባቲ የዞሩበትን የሚያስታውሱ ሰዎች ግን ዛሬም አሉ። «ድሮ ቀረ» ያሉትን ጋሼ ለማሸነፍ መሞከር ትርፍ የለውም። ስልክ ያለው ወጣት የመቅጃውን ቁልፍ ተጭኖ ማንን፣ የት፣ በየትኛው ዓመት እንደሰሙ ይጠይቃቸው።