የባልንጀራ ጆሮ

ተማሪ የራሱን ሥራ ይመዝን ሲባል ከመምህራን ዘንድ ቶሎ የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ ተገቢም ጥያቄ ነው። ልጁ ስህተቱን የሚያውቅ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያውኑ መች ይሳሳት ነበር? የማያውቀውንስ ጉድለት በምን ዓይኑ ያየዋል? መልሱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ጋይንት ይበቃል።

የጋይንቷ ቤተልሔም ድጓ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ዜማ መጽሐፍ ማስመስከሪያ ናት። ጎጃምም ይማር ወሎ፣ ድጓ ሲቀጽል የኖረ ደቀ መዝሙር ትምህርቱን ለማስመስከር ወደዚያ ይሄዳል፤ ለዝማሬና መዋሥዕት ደግሞ ዙር አባ አለች። የድጓ ተማሪ መጽሐፉን በገዛ እጁ ይገለብጣል። ፊደሉን ብቻ አይደለም፤ ከፊደሉ በላይ የሚሰደሩትን ምልክቶች፣ ይዘቱን፣ ደረቱን፣ ድፋቱን፣ ርክርኩን ጭምር ነው። ትውፊቱ እነዚህን ምልክቶች በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ለነበሩት ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል ይሰጣል። ሁለት ጓደኛሞች ጥናት ላይ ሲቀመጡ አንዱ ያዜማል፣ ሌላው በጣቱ መስመሩን ይከተላል። የሚያዜመው ርክርኩን ዘሎ ካለፈ ጣቱ እዚያው ቀጥ ይላል። ባለ ጣቱ ልጅ ያችን ስፍራ ራሱ አሳምሮ ላይላት ይችላል። እንደ ጎደለች ግን ሰምቷል።

ከላይ ላነሣነው ጥያቄ መልሱ ይሄ ነው። ሰው አንድን ሥራ አሳክቶ መሥራት ከመቻሉ በፊት የተሳካውን ካልተሳካው መለየት ይጀምራል። ጉድለትንም ቀድሞ የሚሰማው በሌላው ላይ ነው። የራስን ድምፅ እያዜሙ መስማት ይከብዳል፤ ድርሰት የሚጽፍ ልጅም በልቡ ያለው ሐሳብ ሁሉ ወረቀቱ ላይ የሰፈረ ይመስለዋል። የጓደኛውን ሲያነብ ግን የጎደለው ዐረፍተ ነገር ወዲያው ይታየዋል፤ ከዚያ ወደ ራሱ ሲመለስ ያንኑ ክፍተት በራሱ ገጽ ላይ ያገኘዋል። ስለዚህ እርስ በርስ መመዛዘን ራስን ለመመዘን መንገድ ይጠርጋል እንጂ ተጨማሪ ጌጥ አይደለም። አውስትራሊያዊው የትምህርት ተመራማሪ ሮይስ ሳድለር በ1989 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ተማሪ ሥራውን ማሻሻል የሚችለው መምህሩ በልቡ የያዘውን የጥራት መለኪያ እሱም ሲጋራ ነው ብሎ ተከራክሯል። ያ መለኪያ ግን ተነግሮ ብቻ አይተላለፍም፤ ብዙ ሥራ አይቶ፣ አወዳድሮ፣ ተከራክሮ የሚገኝ ነው።

ድጓ ትክክሉ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ድርሰት የሚጽፍ የስማዳ ተማሪስ እንዲህ ያለ መለኪያ ከየት ያመጣል የሚል ይኖራል። ለዚህ ቅኔ ቤትን ማየት ነው። ጀማሪው ቀን ብቻውን ወጥቶ ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ሲቆጥር ይውላል። የኔታ ፊት ከመቅረቡ በፊት ለነባር ተማሪ ያሰማል። ቤቱ መታ ወይ? ሰሙ ከወርቁ ተስማማ ወይ? ምሥጢሩ ሙሉ ነው ወይ? ከሰው የተወሰደስ አይደለም? ትክክሉ ቅኔ የትም ተጽፎ አልተቀመጠም፤ ጥያቄዎቹን ግን ጉባኤው ሁሉ ያውቃቸዋል። አዲስ ነገር የሚመዘነው እንዲህ ነው። በእርግጥ የአብነት ትምህርት ቤት የእኩልነት መድረክ አይደለም፤ የኔታ የመጨረሻውን ቃል ይናገራሉ፣ ዱላም ነበረ። እሱን መልሱልን አልልም።

አሁን ወደ መደበኛው ትምህርት ቤት እንምጣ። «ደብተር ተለዋወጡ» ይባላል። መምህሩ መልሱን ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፣ ተማሪው የጎረቤቱን ያርማል። ከአሥር ስንት እንደሚጻፍ ሁለቱም በዓይን ይነጋገራሉ፤ ባዶ የተተወው ቦታ ላይ አንድ ፊደል ትገባለች፣ የተጣላ ካለ ደግሞ ለአንዲት ነጥብ ይጨክናል። ልጆቹ ክፉ ሆነው አይደለም። ነጥቡ ወደ ደረጃ ይሄዳል፣ ደረጃው ወደ ቤት ይሄዳል። ፍርዱ ቅጣት ወይም ሽልማት ካዘለ ማን ጓደኛውን አሳልፎ ይሰጣል? የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሲፈተኑ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ውጤቱ ብዙ ምክንያት አለው። እኔን እስካሁን የሚያሳስበኝ ግን ከፈተናው ቀን በፊት ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ሲያዩት የኖሩት ቁጥር ስለ ራሳቸው ምን ሲነግራቸው እንደ ነበረ ነው።

ወላጆቻቸውም ራስን መመዘን የሚባለውን በክፉ ያውቁታል። ሂስና ግለ ሂስ በደርግ ዘመን፣ ግምገማ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ነበሩ፤ 1ለ5 የሚባለው አደረጃጀት ደግሞ እስከ ክፍል ውስጥ ድረስ ደርሷል። ሰው ስለ ራሱ የተናገረው ነገ ማስረጃ ሆኖ ሊመጣበት በሚችልበት መድረክ ላይ ብልህ ሰው ቀላሏን ጥፋት መርጦ ይናዘዛል። እንዲህ ያደገ ማኅበረሰብ ልጁን «ድክመትህን ተናገር» ቢለው ልጁ የሚሰጠው የተለማመደውን መልስ ነው። በጥናት ላይ የቆመችው ጣት ግን ማንንም አልከሰሰችም፤ ነገ ማኅሌቱ ላይ ሁለቱም አብረው ይቆማሉና የአንዱ ጉድለት የሌላውም ነው።

ስለዚህ ነጥቡ ከመሃል ይውጣ እላለሁ። እስቴ ወይም ነፋስ መውጫ ያለ መምህር ካለፉት ዓመታት ስም የሌለባቸው ሁለት ድርሰቶች ያንብብና የትኛው እንደሚሻል፣ ለምን እንደሚሻል ክፍሉ ይከራከር፤ ከዚያ በራሳቸው አፍ ያወጡትን ጥያቄ ይዘው የጓደኛቸውን፣ ቀጥሎም የራሳቸውን ይመልከቱ። ውጤት መስጠት የመምህሩ ሥራ ይሁን። ጊዜ ይፈጃል፤ ክፍሉም በተማሪ የተጨናነቀ ነው። ግን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በዘለቀው ግጭት ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ስንት ልጅ ያለ መምህር ከመጽሐፉ ጋር ብቻውን ቀርቷል! እነዚህ ልጆች ሲመለሱ የት ድረስ ተምራችኋል ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ የትኛውን ምዕራፍ ለጓደኛቸው ማስረዳት እንዳቃታቸው ቢጠየቁ ትምህርቱ ከዚያ ሊጀመር ይችላል።